የወደቡ ሹም ጣሪያ

በዚህ አገር ቤት ከሚያፈርስ ነገር ሁሉ የሚከፋው ቅርስ ጥበቃ ነው። አትቆጡ! ምስጥ እንኳ ይሻላል፤ ምስጥ ቢያንስ ቤት ከመብላቱ በፊት ስብሰባ አይጠራም፤ “የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ” ብሎ የቤቱን ባለቤት እጅ አያስወጣም። እኔን ግን… እስኪ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

የምኖረው መልካ ዶኒ ነው። ካላወቃችኋት አትፈሩ፣ ሚኒባሱም አያውቃት፤ ከጎሬ ወደ ባሮ በሚወርደው መንገድ ላይ “ወራጅ አለ!” እየተባለ አልፏት የሚሄድ መንደር ናት። “ዶኒ” በኦሮምኛ መርከብ ነው፤ “መልካ” ደግሞ የወንዝ መሻገሪያ። ስሟን ሰምቶ መርከብ ሊያይ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው፣ በበጋ ዶሮ ከነጫጩቶቿ የምትሻገረውን ጅረት ነው። መርከቡ በድሮ ጊዜ የሚቆመው እዚያ ታች፣ ጋምቤላ ነበር። የመቱና የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ወደዚያ ሲወርድ እኛ መንደር ያድራል። እንግዲህ መርከብ የሚጠብቅ ቡና ካደረ ወደብ ነው ብለው መሰለኝ፣ አያቶቻችን “ወደብ ነን” አሉ። እኛም ወደብ ነን። ወደብ ፈላጊ በበዛበት አገር፣ ያለ ውሃም ቢሆን ወደብ መሆን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ!

ወደብ ካለ ቅርስ አለ፤ ቅርስ ካለ ማኅበር አለ። “የመልካ ዶኒ ወደብ ታሪክና ቅርስ ጥበቃ ማኅበር” እንባላለን። ሊቀ መንበራችን ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር። ከመንደሩ ጎልማሳ ግማሹን አስተምረዋል፣ ግማሹን ገርፈዋል፤ እኔ ከሁለቱም ወገን አለሁበት። ለዚህ ነው በስብሰባ ላይ “ጥያቄ ያለው?” ሲሉ ሁላችንም ጫማችንን የምናየው። እሳቸው ፊት ጥያቄ ያነሣ ሰው መልሱንም ቆሞ እንደሚጠየቅ ከልጅነታችን እናውቃለን።

እስካሁን የሰበሰብነው ቅርስ ጋሼ ታደሰ በሚያነቡበት ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጠው። አንድ የበቅሎ ኮርቻ፣ አንገቱ የተሰበረ የባሕር ማዶ ጠርሙስና አንድ የዛገ ሰንሰለት። ሰንሰለቱን ጋሼ ታደሰ “የመርከብ ነው” ይላሉ። የሰጧቸው አባ ቡልጉ ደግሞ “የአባቴ ውሻ ይታሰርበት ነበር፣ ዋቃን!” ብለው ይምላሉ። ማኅበሩ ሁለቱንም ወገን አዳምጦ፣ ውሻው በመርከብ ሰንሰለት ታስሮ ሊሆን እንደሚችል በሙሉ ድምፅ ወሰነ።

የእኔ ጉድ የጀመረው ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስብሰባው ቀበሌ አዳራሽ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። የኢሉባቦርን ዝናብ ለማታውቁ፣ እኛ ዘንድ ዝናብ መጣ አይባልም፤ አብሮን ይኖራል፣ አንዳንዴ ብቻ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ያን ዕለት ሊመለስ በር ላይ ደርሶ ነበር። አባላቱ ሁሉ አንድ ዓይናችን በሊቀ መንበሩ፣ አንዱ በበሩ ላይ ነው።

“የመጨረሻ አጀንዳ!” አሉ ጋሼ ታደሰ። “የወደቡ ሹም ይኖሩበት የነበረው ቤት በጥናት ተለይቶ ታውቋል። ቤቱ ባለበት ይጠበቅ። ምስማር አይጨመርበት፣ ምስማር አይነቀልበት። የምትደግፉ?”

ነጎድጓዱ “ጓ!” አለ። መጀመሪያ የወጣችው እጅ የእኔ ነበረች። “አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም” ያሉ አባቶች እጅን እንዴት እንደረሷት ይገርመኛል! የወደቡ ሹም ቤት ሲሉ እኔ የመሰለኝ ወንዙ ዳር ያለው ፍርስራሽ ነው። ደግሞስ ፍርስራሽ ላይ ማን ምስማር ይመታል? ብዬ ደግፌ፣ ጃኬቴን ራሴ ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስወጣ ጋሼ ታደሰ የአጥሬ በር ላይ ቆመው ሰሌዳ ያስመታሉ። በኦሮምኛም በአማርኛም ተጽፏል፤ “ይህ ቤት ቅርስ ነው። መንካት ክልክል ነው።”

“ጋሼ! ይሄ እኮ የእኔ ቤት ነው!”

“እንኳን ደስ ያለህ ደሳለኝ።”

“አባቴ የገዛው የገብስ መጋዘን ነው። የበቅሎ ቀለብ ነበረበት። ሹም አልነበረበትም!”

“ጥናት ተደርጓል።”

“ምን ዓይነት ጥናት?”

“ሦስት ሽማግሌ ጠየቅሁ። አንዱ ከወንዙ ማዶ ነው አሉ። አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ነው አሉ። ሦስተኛው ረስተውታል። አማካዩን ብወስድ አንተ ቤት ላይ ወደቀ።”

“ምስማር አይጨመርበት ብላችሁ እኮ ነው አሁን ምስማር…”

“ይሄ የማኅበሩ ምስማር ነው” አሉና መነጽራቸውን አስተካከሉ። “ደግሞስ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ማን ነበር?”

በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ ለራሷ አሳጠረች! ምን እላለሁ? ሱቄን ልከፍት ሄድኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ስቄ፣ እናንተም ስቃችሁ እንለያይ ነበር። ግን ልጄ ሜሮን ነፍሰ ጡር ናት። ከባሏ ጋር መቱ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ የሚታረሰው እናት ቤት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ሐምሌ ላይ ትወልዳለች፣ ከሆስፒታል ቀጥታ ወደ እኛ ትመጣለች። ባለቤቴ ጥሩነሽ ለገንፎው እህል አስፈጭታለች፣ ቅቤ አንጥራለች፣ ከሁሩሙ ማር አስመጥታለች። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሜሮን የምትተኛበት የውስጠኛው ክፍል ያፈሳል። እንደ ወንፊት ነው የሚያፈሰው። ለዚሁ ብለን የገዛነው አዲስ ቆርቆሮ በረንዳ ላይ ተደግፎ ሠሪውን ይጠብቃል።

ሠሪው ገመቹ በቀጠሮው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ሰሌዳውን አየ። በኦሮምኛ አነበበው። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ በአማርኛም ደገመው።

“ጋሼ ደሳለኝ፣ ኣኒ ሂንቱቁ!” አለኝ፤ እኔ አልነካም ማለቱ ነው። “ነገ ቅርስ አፈረሰ ብለው ቢወስዱኝ ማን ዋስ ይሆነኛል?”

“እኔ እሆንሃለሁ!”

“አንተማ አብረኸኝ ትታሰራለህ” ብሎ መሰላሉን አዙሮ ሄደ።

ጥሩነሽ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

“ማን ነው ይህን የወሰነው?”

“ማኅበሩ።”

“ማኅበሩ ማለት ማን ነው?”

“ብዙ ሰው ነው…” አልኩና ወዲያው ሱቅ ውስጥ ሥራ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። ለሃያ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ስለሆነች ሌላ አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን ደርባ “ተነሥ፣ ጋሼ ታደሰ ቤት እንሂድ” አለች።

የጋሼ ታደሰ ቤት አይታችሁ ከሆነ አፋችሁን ትይዛላችሁ። አዲስ ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ቀይ ባለ ቀለም ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ነጭ ኮርኒስ። ሊቀ መንበራችን ታሪክን የሚወዱት ከሩቁ ሆነው ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች ሻይ አቀረቡልን፤ ዝም ብለው የሚሰሙ፣ ሲናገሩ ግን ሁለት ጊዜ የማይናገሩ ሴት ናቸው።

“ጋሼ” አለች ጥሩነሽ፣ “ልጄ አራስ ልትሆን ነው። አልጋዋ ላይ ያፈሳል።”

“ጥሩነሽ ልጄ፣ ይገባኛል። ግን ታሪክ መሥዋዕትነት ይጠይቃል።”

“ማንን ነው የሚጠይቀው?”

“ሁላችንንም።”

ጥሩነሽ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ብዙ አየችው። የሸረሪት ድር እንኳ የለበትም።

“አልጋውን ትንሽ ፈቀቅ ብታደርጉት…” አሉ ጋሼ ታደሰ።

“ፈቀቅ አድርገነዋል። አሁን በሩ ላይ ደርሷል። ከዚህ በላይ ፈቀቅ ካለ የጎረቤት ይሆናል።”

“ከክረምቱ በኋላ ማኅበሩ ተሰብስቦ…”

“ሕፃኑን ከክረምቱ በኋላ ተወለድ ልበለው?”

ጋሼ ታደሰ ስለ ወደቦች አጠባበቅ ማስረዳት ጀመሩ። እትዬ አስናቀች ለባላቸው ሻይ ሲቀዱ ስኳር ረሱ። ወይም አልረሱም። ጋሼ ታደሰ አንዴ ቀመሱ፣ ሚስታቸውን አዩ፣ እንደዚያው ጠጡት።

ስንመለስ ጥሩነሽ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝም ያለች ሚስት እንደ ዝም ያለ ሰማይ ናት፤ ልብስህን ከማስጫው ላይ ሰብስብ! እኔ ግን ሞኙ “ተስፋ ቆረጠች” ብዬ ደመደምኩ።

ሰኔ ገባ። ቤታችን ውስጥ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ ያልተሰለፈ ዕቃ የለም። ምስማር ክልክል ነው እንጂ ሸራ አልተከለከለም ብዬ ጣሪያው ላይ ሸራ ዘርግቼ ድንጋይ ጫንኩበት። ነፋሱ ሸራውን ወስዶ አባ ቡልጉ ቡና ላይ አለበሰው። ድንጋዮቹን ግን ለእኔ ተወልኝ፤ አንዱ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ ድስት ሰበረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሰሞን መሳቅ አቅቶኝ ነበር። ባዶውን አልጋ አያለሁ፣ ጠብታው ልክ ትራሱ ላይ ሲያርፍ አያለሁ፣ ጨቅላ ልጅ እዚያ ላይ ይታየኛል። በገዛ እጄ! ስብሰባ ላይ የሚወጣ እጅ ሁሉ ያስጠላኝ ጀመር።

ሐምሌ ላይ ሜሮን በሰላም ተገላገለች። ሴት! ጥሩነሽ መቱ አብራት ከርማ ነበር፤ እኔ ለአቀባበሉ ቤት ቀረሁ። የቻልኩትን አደረግሁ። አልጋውን ግድግዳ አስጠግቼ፣ በላዩ ሁለት ጃንጥላ አሰርኩ። ንግሥት የምትገባ ይመስላል። ከዚያ መንገዱ ዳር ወጥቼ ጠበቅኋቸው፤ ከሚኒባስ ወረዱ፤ በሚዘንበው ዝናብ ባጃጅ ያዝን። ሜሮንና ሕፃኗ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ከእናቷ ጋር ከኋላ፣ እኔ የቅቤውን ቅል አቅፌ ከሹፌሩ ጎን በአንድ ጭኔ ተንጠልጥዬ።

ወደ ቤታችን መታጠፊያ ስንደርስ ጥሩነሽ የሹፌሩን ትከሻ ነካች።

“ቀጥታ ንዳ።”

“ኧረ ቤታችን በዚህ ነው!” አልኩ።

“ቤታችን ቅርስ ነው። ቅርስ ውስጥ አራስ አትተኛም።”

ባጃጁ የቆመው የት ይመስላችኋል? ቀዩ ጣሪያ ሥር! በሩን እትዬ አስናቀች ከፈቱት፤ ያንኳኳ ሰው ሳይኖር መክፈታቸውን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። “እሰይ! እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!” እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤት ሰምቶ ተቀበለ። ጋሼ ታደሰ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ ብቅ ሲሉ፣ ሜሮን ደጃፋቸውን አልፋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቡልኝ። እኛ አገር ሰው ሽማግሌ ይመልሳል፣ ለማኝ “እግዜር ይስጥህ” ብሎ ያሰናብታል፣ ወንድሙን እንኳ ተጣልቶ በር ይዘጋበታል። አራስን ከደጅ የመለሰ ግን እስካሁን አልተወለደም። ጋሼ ታደሰም ይህን ያውቃሉ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ…

“እንኳን… እንኳን ደህና መጣችሁ” አሉ።

“እንኳን ደህና ቆዩን ጋሼ” አለች ጥሩነሽ ዝቅ ብላ እጅ እየነሣች። “መሥዋዕትነቱን ብቻችንን መውሰድ ስግብግብነት መሰለንና እናካፍልዎ ብለን መጣን።”

ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው ጋሼ ታደሰ የሚያነቡበት ክፍል ሆኖ ተገኘ። መጽሐፎቻቸው አልጋ ሥር ገቡ። ኮርቻው ቦታ አጣበበ ተብሎ በረንዳ ላይ ወጣ። አራስ ደግሞ ያለ ብረት አትተኛም፤ ሴቶቹ ቢላዋ ሊያመጡ ሲሉ አንዷ ሰንሰለቱን አየች። “ይሄ ምን ችግር አለው?” አለችና ሜሮን ትራስ ሥር ወሸቀችው። ያ ሰንሰለት ውሻም ይሰር መርከብ፣ ሥራ ሲይዝ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ጠያቂው መጣ። የእኛን መንደር ሴቶች አታውቋቸውም! ጠዋት ገንፎ፣ ቀን አጥሚት፣ ከሰዓት እንደገና ገንፎ። ሴራሚኩ ላይ ቅቤ ጠብ ብሎ፣ ሊቀ መንበሩ እየተንሸራተቱ በግድግዳ ይሄዳሉ። ሕፃኗ ደግሞ የታሪክ መምህር ድምፅ አላት፤ ስትጀምር ማንም ጥያቄ አይጠይቃት። የሁሉ የሁሉ ግን ፀሐይዋ! ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ጋሼ ታደሰ ትንሽ ወጣ ብለው ሲመለሱ አንዷ ሴትዮ በሩ ላይ ትገተራለች።

“ጋሼ፣ ከፀሐይ ነው የመጡት?”

“ከፀሐይ ነው። ቤቴ ነው፣ ልግባ።”

“ውይ በሞትኩት! ሕፃኗን ምች ሊያስመቱብን ነው? እዚያ አረፍ ይበሉ፣ ፀሐይዋ ትብረድልዎ።”

እዚያ የተባለው በረንዳው ነው። በረንዳው ላይ ያለው መቀመጫ ደግሞ ኮርቻው ብቻ ነው። የማኅበራችን ሊቀ መንበር በራሳቸው ደጅ የወደቡን ኮርቻ ተቀምጠው፣ ወዴትም ሳይጋልቡ ሲውሉ አላፊ አግዳሚው አየ። አባ ቡልጉ “ታዴሳ፣ ጋምቤላ ደረስክ?” እያሉ ነው የሚያልፉት።

ብዙም አልቆየ፤ አንድ ጠዋት ሱቄ መጡ። ፂማቸው አልተላጨም። ምላጫቸው ያለው አራስ ክፍል ነው።

“ደሳለኝ፣ ተጨማሪ ጥናት ተደርጓል።”

“እሺ ጋሼ።”

“የወደቡ ሹም በየጊዜው ጣሪያ ይቀይሩ ነበር። እንዲያውም አለመቀየሩ ነው ቅርሱን የሚጎዳው።”

“ስንት ሽማግሌ ጠየቁ ጋሼ?”

“አንድ።”

“ማንን?”

ዞር ብለው የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አረጋገጡ። “አስናቀችን።”

በማግስቱ ማኅበሩ በደቦ ወጣ። ገመቹ “አሁንስ ቅርስ አይደለም?” ብሎ ሁለቴ አስምሎ ጣሪያው ላይ ወጣ። ምስማር የሚያቀብሉት ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ አንዷን እንኳ ሳይጥሉ፣ “ፍጠን! ፍጠን!” እያሉ። ዝናቡ ሳይመለስ ሥራው አለቀ። ባልዲ ሙሉ ውሃ አስወጥተን አስደፋንበት፤ ጠብ የለም! ጋሼ ታደሰ አቀፉኝ። ተማሪያቸው ሆኜ፣ ጎረቤታቸው ሆኜ፣ አቅፈውኝ አያውቁም።

“በል አሁን ልጅህን እናምጣት” አሉ። ከኋላቸው ነው የተከተልኳቸው፤ እንዲያ ይፈጥናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

እትዬ አስናቀች ሕፃኗን ታቅፈው በር ላይ ጠበቁን።

“የት ነው የምትወስዷት?”

“ቤቷ ነዋ!” አሉ ጋሼ ታደሰ። “ጣሪያው ተሠራ እኮ!”

“ከሞቀ ቤት አንሥታችሁ፣ ሲያፈስ በከረመ ቤት ልታስበርዷት? ክርስትና ሳትነሣ ንቅንቅ አትልም።”

“ክርስትናው እኮ…” ጋሼ ታደሰ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። “አርባ ቀን ነው።”

“እሱ ለወንድ ነው። ይቺ ሴት ናት። ሰማንያ ቀን።”

በሩ ተዘጋ። ቀስ ብሎ ነው የተዘጋው፤ ሕፃኗ ተኝታለቻ። መምህሬን ቀና ብዬ አየኋቸው። ታሪክ ፈተና ላይ መልሱ የጠፋው ተማሪ አሁን እሳቸው ነበሩ። አንጀቴን በሉት፤ እውነቴን ነው።

ጥሩነሽ ልጇን ልታርስ እዚያው ቀረች። ሜሮን እዚያ፣ የልጅ ልጄ እዚያ፣ ቅቤውና ማሩም እዚያ። እኔ ወደ ደረቁ ቤቴ ብቻዬን ገባሁ። ለራሴ ሽሮ ሠራሁ፤ አረረ። ደግሜ ሠራሁ፤ እንደገና አረረ። በሦስተኛው ቀን በሩ ተንኳኳና ስከፍት ጋሼ ታደሰ፣ በአንድ እጃቸው መጽሐፎቻቸውን በገመድ አስረው፣ በሌላው ትራሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ከፀሐይ መጥተው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። የውስጠኛውን ክፍል ሰጠኋቸው። እንደተኙ ጣሪያውን ያያሉ፣ “ጥሩ ሥራ ነው” ይላሉ፣ ይተነፍሳሉ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በመጨረሻ መልካ ዶኒ ሙዚየም አላት። ጣሪያው አያፈስም፤ ውስጡ በጥሩ ሁኔታ የተያዙ ሁለት አሮጌ ዕቃዎች ይገኛሉ። መግቢያው በነጻ ነው። እንጀራ ይዞ የመጣ ጎብኚ ግን ሁለቱንም ሲንቀሳቀሱ ያያል።